በርታ የተባለችው ሴት

ባለፈው ወር የብድር ኮሚቴያችን ሲሰበሰብ አንዲት እህታችን ማመልከቻ አቅርባ ነበር። አምስት ዓመት ያጠራቀመችውን ቁጠባ መነሻ አድርጋ፣ ከማኅበራችን ተጨማሪ ብድር ወስዳ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም በፀሐይ ሙቀት የሚያደርቅ መሣሪያ ለማሠራት ነው ሐሳቧ። መሣሪያውን የሚሠራው ቴክኒክ የተማረ ወንድሟ ነው። ክርክሩ ረጅም ነበር። የደረቀ ሽንኩርት ማን ይገዛል? ቢበላሽስ ማን ይጠግነዋል? ንግድ ፈቃዱ በማን ስም ይወጣል? ውሳኔው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። እኔም እጃቸውን ካላወጡት አንዷ ነበርኩ።

ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ከዓመታት በፊት ታሪኳን ያነበብኩት አንዲት ጀርመናዊት ከሐሳቤ አልወጣ አለች። የባሏ ስም በየመንገዳችን ሲሽከረከር ይውላል፤ የእሷን ድርሻ የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው። ለዚህ እትም ልጽፈው የተነሣሁት ለዚህ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሟ በርታ ነው። በእኛ ቋንቋ ለወንድ የሚሰጥ ማበረታቻ ይመስላል፤ በጀርመን ግን የሴት ስም ነው። የተወለደችው በሜይ 3 ቀን 1849፣ በወርቅና በጌጣጌጥ ሥራ በምትታወቀው በፎርዝሃይም ከተማ ነው። አባቷ ካርል ፍሪድሪክ ሪንገር በአናጺነትና በግንባታ ሥራ ገንዘብ ያገኙ ሰው ነበሩ። በርታ በተወለደች ጊዜ በቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አሁንም የተወለደችው ሴት መሆኗን በቅሬታ እንደጻፉ፣ እሷም ካደገች በኋላ ጽሑፉን እንዳገኘችው ይተረካል። ለወንድ ብዙ፣ ለሴት ጥቂት እልልታ በሚባልበት አገር ላደግን ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ አባትየው ልጃቸውን አስተምረዋል። በርታም ከሌላው ትምህርት ይልቅ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ የምታዘነብል ልጅ ሆና አደገች።

በጁን 1869፣ የሃያ ዓመት ወጣት ሳለች፣ ከእናቷ ጋር ማውልብሮን ወደሚባል ጥንታዊ ገዳም በሠረገላ ለሽርሽር ስትሄድ ካርል ቤንዝ ከሚባል መሐንዲስ ጋር ተዋወቀች። ካርል የባቡር ነጂ ልጅ ነው። አባቱ የሞቱበት ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሲሆን እናቱ በብዙ ችግር አስተምረውታል። ገንዘብ የለውም፣ ወገን የለውም። የነበረው ያለ ፈረስ የሚሄድ ሠረገላ የመሥራት ሐሳብ ብቻ ነበር። በእኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ጎረምሳ ልጅ ለመጠየቅ ሽማግሌ ቢልክ ምን እንደሚባል አስቡት።

በ1871 ካርል አውጉስት ሪተር ከሚባል ሰው ጋር በሽርክና ማንሃይም ከተማ ውስጥ የብረት ማቅለጫና የማሽን ወርክሾፕ ከፈተ። ብዙም ሳይቆይ ሸሪኩ የማይታመን ሰው ሆኖ ተገኘ። ሪተርን ለማስወጣት ድርሻውን መክፈል ያስፈልግ ነበር፤ ካርል ደግሞ የሚከፍለው አልነበረውም። የከፈለችው በርታ ናት። በዚያ አገር ባህል የጋብቻ ገንዘብ የሚመጣው እንደ እኛ ጥሎሽ ከወንዱ ወገን ሳይሆን ከሴቷ ወላጆች ነው። በርታ ድርሻዋን ከሠርጉ በፊት እንዲሰጧት አባቷን ጠየቀች፤ ያንን ገንዘብ ሪተርን ለማስወጣት አዋለችው። ወርክሾፑ በካርል እጅ ገባ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ገንዘቡን የሰጠችው ገና እጮኛ ሳለች ነው። በራሷ ገንዘብ የማዘዝ መብት የነበራት ያን ጊዜ ብቻ ነውና። በጁላይ 20 ቀን 1872 ተጋቡ። በዘመኑ ሕግ ያገባች ሴት ንብረት በባሏ ሥልጣን ሥር ስለሚውል፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በርታ በወርክሾፑ ጉዳይ በሕግ ፊት ድምፅ አልነበራትም። ያለ እሷ ገንዘብ ወርክሾፑ አይኖርም ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ግን እሷ የለችም። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ የደረሰኝን እቁብ ለባለቤቴ የእንጨት ሥራ ቤት ሰጥቻለሁ። መላጊያ ማሽኑ የተገዛው በዚያ ብር ነው። ንግድ ፈቃዱ ላይ ስሜ የለም። ባለቤቴና እኔ በዚህ ተጣልተን አናውቅም፤ ግን ከዓመታት በኋላ ለራሴ ሥራ ብድር ፈልጌ አንድ ባንክ ስሄድ፣ በስምሽ የተመዘገበ ምንም ነገር የለም ተብዬ ተመልሻለሁ። ስለዚህ ይህን የታሪኳን ክፍል ሳነብ አልፌው መሄድ አልቻልኩም።

ቀጥሎ የመጡት ዓመታት ከባድ ነበሩ። በ1873 በጀርመን ትልቅ የኢኮኖሚ ቀውስ ተነሣ፤ ለግንባታ የሚሆን ብረታ ብረት የሚገዛ ጠፋ። በዚሁ ዓመት ኦይገን የተባለው የመጀመሪያ ልጃቸው ተወለደ፤ በ1874 ሪቻርድ፣ በ1877 ክላራ ተከተሉ። በዚያው በ1877 ወርክሾፑ በዕዳ ተያዘ። ሦስት ሕፃናት የያዘች ሴት የጋብቻ ገንዘቧ በሐራጅ ሲሄድ እያየች ማለት ነው።

ካርል ከዚህ የሚያወጣን የሚሸጥ ሞተር መሥራት ነው ብሎ ተነሣ። በዘመኑ ኒኮላውስ ኦቶ ባለ አራት ምት የተባለውን የጋዝ ሞተር ፓተንት አስከብሮ ስለነበር ሌላ ሰው ያንን መሥራት አይችልም። ስለዚህ ካርል በሌላ መንገድ፣ በሁለት ምት የሚሠራ ሞተር ለማውጣት ሁለት ዓመት ደከመ። ሞተሩ ይነሣል ሲባል ይጠፋል። የ1879 የመጨረሻ ምሽት ላይ፣ ጎረቤቱ ሁሉ አዲስ ዓመት ሊቀበል ሲዘጋጅ፣ ቤንዞች ቤት የሚበላውም የሚጠጣውም ጥቂት ነበር። ካርል በ1925 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ እንደሚያስታውሰው፣ ከእራት በኋላ ወደ ወርክሾፑ እንሂድና አንድ ጊዜ ደግሞ እንሞክረው ያለችው በርታ ናት። ሄዱ፤ አስነሡት፤ በዚህ ጊዜ ሞተሩ ሳይጠፋ ቆየ። ሁለቱ ቆመው ድምፁን ሲሰሙ አመሹ። እኩለ ሌሊት ሲሆን የከተማው የቤተ ክርስቲያን ደወሎች አዲሱን ዓመት አበሰሩ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለን፤ ነገር ግን ሞተር መሥራትና ከሞተር መኖር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ካርል ገንዘብ ስለሌለው ባለሀብቶችን ፈለገ፤ በ1882 የአክሲዮን ማኅበር ተቋቋመ። ሞተሩን የፈጠረው ሰው የደረሰው አምስት በመቶ ብቻ ነበር። የሞተሩን አሠራር ጭምር ሌሎች ሊወስኑለት ሲጀምሩ በ1883 መጀመሪያ ላይ ትቶ ወጣ። አራተኛ ልጃቸው ቲልደ ከተወለደች በኋላ፣ እንደገና ባዶ እጅ።

የመጣው መፍትሔ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ እኔ ግን ለንግዱ መሠረት የሆነው ይህ ነው እላለሁ። ማክስ ሮዘና ፍሪድሪክ ኤስሊንገር የተባሉ፣ ብስክሌት የሚነግዱ ሁለት ሰዎች ከካርል ጋር ተሸረኩ፤ በኦክቶበር 1883 አዲሱ ኩባንያ ተቋቋመ። ሥራው መኪና አልነበረም። ባለበት ቆሞ የሚሠራ፣ ለየፋብሪካው ኃይል የሚሰጥ የጋዝ ሞተር ነበር፤ ይህም ገበያ አገኘ። በሞተሩ ሽያጭ ሠራተኛ ይከፈላል፣ ልጆች ይበላሉ፣ ከተረፈው ደግሞ ካርል ያለመውን ሠረገላ ይሠራል። ሮዘ በሠረገላው ነገር ብዙም ደስተኛ አልነበረም፤ ሞተሩ እስከተሸጠ ድረስ ግን አልከለከለውም። አዲሱን ነገር ያቆየው የዕለት እንጀራ የሚያወጣው አሮጌው ሥራ ነው።

በጃንዋሪ 29 ቀን 1886 የመኪናው ፓተንት ማመልከቻ ገባ፤ ቁጥሩ 37435 ነው። የተጻፈው በኩባንያው ስም ነው። ሦስት ጎማ ያለው፣ አንድ ሲሊንደር ብቻ ያለው፣ ከአንድ የፈረስ ጉልበት በታች የሆነ ነገር ነበር። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ የማንሃይም ሕዝብ በመንገድ ሲሄድ አየው። ጋዜጣም ጻፈ።

ገዢ ግን አልመጣም። ለምን ይመጣል? ፈረስ ያለው ሰው ፈረሱን ያውቀዋል። ይህ ነገር ይጮኻል፣ ይሸታል፣ ቢቆም የሚያስነሣው የለም፤ ከከተማ ወጥቶ መመለሱንም ያየ የለም። ካርል ደግሞ ሁልጊዜ የሚቀረው ነገር አለ ብሎ የሚያስብ ዓይነት ሰው ነበር፤ ማሻሻሉን አያቆምም፣ ርቆ ለመሄድም አይደፍርም። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ።

በኦገስት 1888፣ ልጆች ትምህርት ባረፉበት ሰሞን፣ በርታ ፎርዝሃይም ያሉ እናቷን ልትጠይቅ ተነሣች። ሁለቱን ታላላቅ ልጆቿን፣ የ15 ዓመቱን ኦይገንንና የ13 ዓመቱን ሪቻርድን ይዛ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ባሏ ተኝቶ ሳለ፣ አንዱን መኪና ገፍተው ከቤት አራቁትና ከዚያ አስነሡት። መንገዱ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እስከዚያ ቀን መኪና እንዲህ ርቆ ሄዶ አያውቅም። የመንገድ ምልክት የለም፤ መንገዱ የጋሪ መንገድ ነው። እናትን መጠየቅ ጥሩ ምክንያት ነው፤ ማንም ክፉ አይናገርበትም። እሷ ግን የተነሣችው ይህ ነገር እንደሚሠራ ልታሳይ ነበር፤ ለሕዝቡም ለባሏም።

መኪናው የነዳጅ ታንከር አልነበረውም፤ የሚይዘው ካርቦሬተሩ ውስጥ ያለችውን ጥቂት ሊትር ብቻ ነው። ቪስሎኽ የምትባል ከተማ ሲደርሱ ነዳጁ አለቀ። ማደያ የሚባል ነገር በዓለም ላይ አልነበረም። በርታ መድኃኒት ቤት ገባችና ልብስ ላይ ያረፈ ቅባት ለማስለቀቅ የሚሸጠውን ሊግሮይን የተባለ ፈሳሽ ገዛች፤ ሞተሩ የሚሠራው በዚያ ነበርና። ያ መድኃኒት ቤት ዛሬ የዓለም የመጀመሪያው የነዳጅ ማደያ እየተባለ ይጎበኛል። ነዳጅ ካነሣን አይቀር፣ ብዙ ሰው ቤንዚን የሚለው ቃል ከቤንዝ የመጣ ይመስለዋል፤ አይደለም። ካርል ሳይወለድ ጀርመናዊ ኬሚስት ያወጣው ስም ነው፤ መነሻውም ሉባን ጃዊ ከሚባለው የዕጣን ዓይነት የዐረብኛ ስም ነው። ቡና ስናፈላ የምናጤሰው የሉባንጃ ዘመድ ማለት ነው።

ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ውኃው እየፈላ በመትነን ስለሆነ በየደረሱበት ውኃ መጨመር ነበረባቸው። የነዳጁ ቱቦ ሲደፈን በርታ ባርኔጣዋን ከጸጉሯ ጋር የምታስይዝበትን ረጅም መርፌ አውጥታ ከፈተችው። የኤሌክትሪኩ ሽቦ ተልጦ ሲነካካ የእግር ሹራቧን የምታስርበትን ላስቲክ ጠቅልላ ሸፈነችው። ሰንሰለቱ ሲያስቸግር አንጥረኛ ጋ ወሰዱት። ዳገት ላይ ጉልበት ስላነሰው ልጆቹ ወርደው ገፉ። ቁልቁለት ደግሞ ከዳገት ባሰ፤ ፍሬኑ ጎማውን ተጭኖ የሚያቆም እንጨት ስለነበር ቶሎ አለቀ። በርታ ባውሽሎት መንደር ላይ ጫማ ሰፊ ፈልጋ እንጨቱን ቆዳ አስለበሰችው። ዛሬ ፍሬን ሸራ የምንለው ነገር መነሻው ይኸው ነው ይባላል። ሲመሽ ፎርዝሃይም ደረሱ፤ ለካርል ቴሌግራም ላከችለት። ከጥቂት ቀናት በኋላ በሌላ መንገድ ነድተው ማንሃይም ተመለሱ።

እህቶቼ፣ ይህን ጉዞ የሚያወራ ሁሉ የሚያደንቀው ድፍረቷን ነው። እኔ የሚያስገርመኝ ይዛ የተመለሰችው ነገር ነው። ካርል በወርክሾፑ ውስጥ ዓመታት ቢቀመጥ የማያገኛቸውን ጉድለቶች በጥቂት ቀናት ለቅማ መጣች። ለዳገት የሚሆን ተጨማሪ ማርሽ ያስፈልጋል፤ ፍሬኑ ቆዳ ይልበስ። ካርል ሁለቱንም አደረገ። ለዚያች ሽንኩርት ለምታደርቀው እህታችንም፣ ብድሩ ሳይፈቀድ በፊት ከወንድሟ ጋር በሠሩት ትንሽ ማድረቂያ አንድ ጆንያ አድርቃ ገበያ ይዛ እንድትወጣ፣ ወጥ ቤት ላላቸው ሰዎችም እየዞረች እንድታስቀምስ ልነግራት አስቤአለሁ። በሚቀጥለው ስብሰባ ንግድ ፈቃዱ በማን ስም እንደሚሆንም ራሴ እጠይቃለሁ።

አንዳንድ ጽሑፎች ጉዞው ባለቀ ማግሥት ገዢ የጎረፈ ያስመስሉታል። አልጎረፈም። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር መኪናው ሙኒክ በተደረገ የማሽኖች ኤግዚቢሽን ላይ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመ፤ ሽልማት ግን ሽያጭ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መኪናው ገዢ ያገኘው በአገሩ ሳይሆን ፈረንሳይ ነው፤ ኤሚል ሮዤ የተባለው የኩባንያው የፓሪስ ወኪል ነበር የሚሸጠው። በ1890 ሮዘና ኤስሊንገር ወጡ፤ በምትካቸው ዩሊዩስ ጋንስና ፍሪድሪክ ፎን ፊሸር የተባሉ፣ ንግድ የሚያውቁና በመኪናው የሚያምኑ ሸሪኮች ገቡ። በ1894 ደግሞ ቬሎ የተባለች ትንሽና ርካሽ መኪና ወጣች። ይህችኛዋ ተሸጠች፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 1,200 የሚጠጉ ተሠሩ። በ1899 ኩባንያው በአንድ ዓመት 572 መኪናዎች አምርቶ ከዓለም አንደኛ ሆነ። በርታ ሪተርን ለማስወጣት ገንዘቧን ከሰጠች 27 ዓመት ገደማ አልፎታል። ለዚህ ነው ብድር ስንሰጥ በሦስት ወር ትርፍ ካላየን የምንለው ነገር አንዳንዴ የሚያሳስበኝ።

የቀረውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ካርል በ1903 ከሸሪኮቹ ጋር ባለመስማማት ከሥራ አመራሩ ወጣ። ቤተሰቡ ላደንቡርግ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄዶ በ1906 ከልጆቹ ጋር ሌላ ፋብሪካ ከፈተ። የቀድሞው ኩባንያ በ1926 ከዳይምለር ጋር ተዋሐደ፤ መርሴዲስ ቤንዝ የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። ካርል በ1929 ሞተ። በሕይወት ታሪኩ ውስጥ፣ ሁሉም ሰው በራቀው ጊዜ አብራው የቀረችው እሷ ብቻ እንደነበረች ጽፎላታል።

በርታ ከእሱ በኋላ 15 ዓመት በላደንቡርግ ኖረች። ካርልን ያስተማረው የካርልስሩኸ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ በሜይ 3 ቀን 1944፣ 95ኛ ዓመቷን በያዘችበት ዕለት፣ የክብር ሴናተር የሚል ማዕረግ ሰጣት። ሴት ልጅ ሆና በመወለዷ አባቷ ቅር ካላቸው 95 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ያረፈችው በሁለተኛው ቀን ነው። ከማንሃይም ፎርዝሃይም ደርሳ የተመለሰችበት 194 ኪሎ ሜትር ዛሬ በስሟ የተሰየመ መንገድ ሆኗል፤ በየመታጠፊያው ምልክት ተተክሎበታል፣ ቪስሎኽ ላይም መድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት ሐውልት ቆሞላታል።